ሸማኔ አያስፈልግም

ይድረስ ለእታለም ጽናት፣ ሰመራ

«ይኼ ሁሉ መጽሐፍ ተጭኖ እንግዲህ መኪናው አይገለበጥም» አለች፣ ከደብረ ብርሃን ስንነሣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ። ጣሪያው ላይ ያስጫንኩትን ካርቶን አይታ ነው። እኔም ነገሩን እንዳለ ተቀበልኩና ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ ጥዬ ተኛሁ። እውነቷን ነው፣ አልተገለበጥንም። ጎማው ፈነዳ፣ ፍሬኑ ጨሰ፣ ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ተጣልቶ መንገድ ላይ አወረደው፤ መገልበጥ ግን አልተገለበጥንም። ሞላሌ በሰላም ገባሁ፤ ይኸው ከርሜያለሁ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬን እምዬ ብታይ «እንደ ጥጃ ዘው ትላለህ?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ወጥቼ በደጁ ልግባ። እንዴት ነሽ እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ ተላመዳችሁ? ባለቤትሽ ታዲዮስ እንዴት ነው? ማዕረግ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ሕፃኑስ መርስዔ መሄድ ጀመረ ወይስ አሁንም የሚሸከመው ሰው ይመርጣል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። እናንተ ዘንድ እውነተኛው ጨው አለ፤ ውርጩን ብንለዋወጥ ሁላችንም በተሻለን።

እኔ ደህና ነኝ። እምዬም ደህና ናት። አባባም ጤናቸው ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ጤና ስላልሆነው ስለሌላው ነገራቸው ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ እምዬ ስልክ ስታወራ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለቤቱም ለጎረቤቱም ስለምታሰማ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የእጅ ሙያ መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ ማርኬቲንግ ላይ ነኝ። ስለ ስፌት፣ ስለ ሸክላ፣ ስለ ቆዳ መልፋት እናሳትማለን፤ እኔ ደግሞ ሰፍቶ ለማያውቅ ሰው መስፋት ሳይፈልግ እንዳልቀረ አስረዳዋለሁ። እምዬ ለጎረቤት «በኃይሉ መጽሐፍ ያመሰግናል» ብላ ነው የምትነግረው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ቢሮአችንም የለውም።

ዘንድሮ የወጣው መጽሐፍ «ከጠጉር እስከ ዝተት» ይባላል። የእኛን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ አሠራር ያስተምራል ተብሎ የተጻፈ ነው። አምና ደራሲው መጥቶ አባባ እግራቸውን ከትተው የሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ እንደከረመ፣ እሳቸው ሲሸምኑ እሱ ሲለካ፣ እሳቸው ሲያርፉ እሱ ፎቶ ሲያነሣ እንደነበር አጫውቼሻለሁ። ሽፋኑ ላይ ያሉት እጆች የአባባ ናቸው። ፊታቸው የለም። መጽሐፉን ያሳየኋቸው ቀን አውራ ጣቱን ትክ ብለው አዩና «ይኼ ጥፍር በሬ የረገጠው ነው፤ የእኔ ነው» ብለው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ከማዕረግ ክርስትና ወዲህ አላየኋቸውም።

አለቃዬ አመተሥላሴ ደግ ሴት ናት፤ የሠራተኛውን ልደት ሁሉ በቃሏ ታውቃለች። መጽሐፉ የሚመረቀው በተወለደበት አገር ነው ብላ ወሰነች፤ መፈክሩንም ራሷ አወጣችው፤ «ሸማኔ አያስፈልግም፤ መጽሐፉ ይበቃል!» የሚል። እኔ እጄን አውጥቼ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ይሆናል፣ ለመንዝ ግን እንጃ፣ እዚያ ሸማኔው ቆሞ ይሰማናል አልኩ። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ «በኃይሉ የቦታውን ሁኔታ በመጥቀስ ሐሳቡን አዳብሯል» ተብሎ ተጻፈ።

በገበያ ቀን ሞላሌ መሐል ድምፅ ማጉያ ተክለን ያንኑ ጮኽን። መጀመሪያ የመጣልን አንድም ሰው አልነበረም። ኋላ መምሬ ባስልዮስ በዚያ ሲያልፉ አክብሬ አንድ ቅጂ ሰጠኋቸው። መምሬን ታውቂያቸዋለሽ፤ መጽሐፍ የተባለ ነገር እጃቸው ሲገባ ምን እንደሆነ አይጠይቁም። ተሳለሙት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ አጠገባቸው የነበረችውን አሮጊት አሳለሙና ቀጠሉ። ከዚያ በኋላማ እኔም ድምፅ ማጉያውም አላስፈለግንም። ሰዉ እየተሳለመ ገዛ። አንዱ ገበሬ «የማን ድርሳን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የበግ ጠጉር ነው አልኩት፤ «ይሁን፣ እሱም የእግዜር ፍጥረት ነው» ብሎ ከነፌስታሉ ያዘ። አሁን በየቤቱ ብትገቢ መጽሐፋችን ከሥዕለ አድኅኖው ጎን ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። የተሳለሙትን በቆሸሸ እጅ መክፈት ነውር ነው ብለው አንድም ሰው አልገለጠውም። አመተሥላሴ በስልክ «ገበያውን ሰብረነዋል!» አለችኝ።

አባባ ያን ቀን በግ ሊሸጡ መጥተው ነበር። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ እጃቸውን ጥለውበት ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ሰሙን። መፈክሩን ደጋግመን ስንለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፤ ኮርተውብኛል ብዬ እኔም ጨምሬ ጮኽኩ። ቤት ስገባ የሽመና ዕቃቸውን ፈተው፣ በገመድ ጠፍረው ቆጡ ላይ ሰቅለውታል። ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አጋድመውበታል። የእምዬ ዶሮ አሁን እዚያ ላይ ትተኛለች።

ምነው አባባ ብላቸው «በቃ አላችሁ እኮ» አሉኝ፤ ቂም የለበትም፣ የደከመው ሰው አረፍ በል ሲባል እንደሚመልሰው ነው። እኔም ይኼ እኮ የገበያ ወሬ ነው፣ እርስዎን አይመለከትም አልኳቸው። ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ወሬ ነው ስትል ውሸት ነው ማለትህ ነው? መምሬ ባሉበት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ የወዳጆ ልጅ ሲዋሽ ዋለ ማለት ነው?» አሉ። «ውሸት ከሆነ በሚመጣው ገበያ ወጥተህ ውሸት ነው በል። እውነት ከሆነ ልረፍበት» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ የሚባል ትምህርት ወስጄ ነበር፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። መውጫውን እስካሁን አላገኘሁትም።

ይህን ያህል የጨነቀኝ ለእሳቸው ብቻ አይደለም። የጎረቤታችንን አወቀን ታስታውሺዋለሽ፤ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ እርፍ መጨበጥ አልቻለም። ልጆች አሉት፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ይበላል። አባባ ከጥምቀት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጬ ሽመና ላስተምርህ ብለውት፣ ሚስቱ ጠጉር መፍተል ጀምራ ነበር። ቀኑ ደርሶ ሲመጣ አባባ ሽፋኑ ላይ እጃቸው ያለበትን የራሳቸውን መጽሐፍ አውርደው ሰጡት። «ከእኔ የተሻለ መምህር ይኸውልህ፤ አይቆጣም፣ አያረጅም» ብለው መረቁት። አወቀም ተሳልሞ ተቀበለ፤ ምን ያድርግ?

እሱ ግን ይገልጠዋል፤ በአገሩ መጽሐፋችንን ያነበበ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት በምርኩዙ እያነከሰ ይመጣና ይጠይቀኛል፤ ይኼ ክር ከየት ነው የሚመጣው? ይኼኛው እጅ የት ገባ? እኔ የማውቀው የሽፋኑን ወረቀት ጥራት ነው። አባባ ከጎናችን መደብ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። እጃቸው ግን አያርፍም እታለም። የጋቢያቸውን ጥለት ጫፍ ይዘው ክሩን አንድ በአንድ ይመዛሉ። በአንድ በኩል እስከ ክንዳቸው ድረስ ተርትረውታል። እምዬ ሲተኙላት ትሰፋዋለች፤ ጠዋት እንደገና ይጀምሩታል። እሷም ብትሆን በልማድ ጠጉር መፍተሏን አልተወችም፤ የሚቀበላት ስለሌለ ልቃቂቱ መደቡ ላይ ተቆልሏል።

መምሬ ባስልዮስን ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባባ «መምሬ፣ እርስዎ የባረኩትን መጽሐፍ እኔ ልጠራጠር?» አሏቸው። መምሬ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ለአመተሥላሴ ደወልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «ከዚያስ?» እያለች ሰማችኝ፤ ገባት ብዬ ደስ አለኝ። «ይኼማ ታሪክ ነው!» አለች። የሽመና ዕቃውን ሲፈቱት ቪዲዮ ተቀርጾ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተቀረጸም፣ ፈተው ጨርሰዋል አልኳት። እንዲያ ከሆነ እንደገና ተክለው ለካሜራው መልሰው ይፍቱልን አለች። እውነት እልሻለሁ፣ አንዴ ከተከሉት አይፈቱትም ብዬ ተስፋ አድርጌ ጠየቅኳቸው። አባባ ትኩር ብለው አይተውኝ «አንተ ልጅ፣ ቢሮአችሁ ጤናችሁን ያያል ወይ?» አሉኝ።

ትናንት ደግሞ አወቀ እየሮጠ መጣ፤ እግሩ እንደፈቀደለት ማለቴ ነው። ድር ስለ ማድራት የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሶ፣ ከሁለት ሥዕል ቀጥሎ «ይህን በጽሑፍ ማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ በአቅራቢያዎ የሚገኝ ሸማኔ ይጠይቁ» የሚል አግኝቷል። እንደ ጠበቃ መጽሐፉን ይዤ አባባ ፊት ቆምኩ። ደግሜ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። ፊታቸው የበራ መሰለኝ፤ እምዬ እንኳ እንዝርቷን አቆመች። «ደግ ብሏል» አሉ። «ግን ሸማኔ ነው ያለው። እኔ ትቻለሁ፤ የተወ ሰው ሸማኔ አይባልም። ቀየት ከተማ አፈወርቅ የሚባል አለ፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ እጁም ከእኔ ይፈጥናል። እሱ ዘንድ ይሂድ።» አወቀ ዛሬ በማለዳ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ምርኩዙን ይዞ ቀየት ሄዷል። እንዲህ ሆኖ ሲሄድ ከማየት ይልቅ አባባ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

እንግዲህ የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ከሁላችን ይልቅ ያንቺን ቃል ይሰማሉ። ደውይላቸውና ዝተት እፈልጋለሁ በያቸው። ሰመራ ላይ ሆኖ ዝተት የሚፈልግ ሰው እብድ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ግን የምሠራበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ኤሲው እያንቀጠቀጠኝ ነው ብትያቸው ውሸት አይሆንብሽም፤ ባለፈው ራስሽ ነግረሽኛል። ለገበያ አልሠራም ያለ ሰው ለልጁ እንቢ አይልም። አንድ ብቻ ይሥሩልሽ፤ አንዴ ዕቃውን ከተከሉት አወቀን አጠገባቸው ማስቀመጥ የእኔ ፋንታ ነው። መጽሐፉን ግን እንዳታነሺባቸው።

እኔ ሰኞ ዓለም ከተማ እንድወርድ ታዝዣለሁ። መርሐቤቴ ቆላው ውስጥ ስለ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚናገር መጽሐፍ ልሸጥ ነው፤ መፈክሩ ያው ነው። አልጮህም ብል የሚጮህ ሌላ ይልካሉ። እንቢ የምልበትን ቃል ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ ጉሮሮዬን የሚያለሰልስ ማር ገዛሁ።

ታዲዮስን በጣም ናፍቄሃለሁ በይልኝ፤ ለአባባ የላከውን ባትሪ እምዬ ተቀብላ ደብቃዋለች፣ ደርሷል። ማዕረግን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አያቷ «አንባቢ ሆነች ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ቀስ ትበል በያት። መርስዔን በተሸከመው ሰው እቅፍ ውስጥ እንዳለ ሳሚልኝ። ጨው የላከችልንን ጎረቤትሽን ራውዳን እምዬ «አላህ ያክብርልኝ» ብላታለች፤ እንደዚያው እንዳለችው ንገሪያት። እምዬ አንቺን በስስት ትስምሻለች። አባባም ሰላም ብለውሻል፤ እጃቸው ጋቢው ላይ ነው።

ደብዳቤውን ሳላሽገው አወቀ ከቀየት ተመለሰ። አፈወርቅ ሽመና ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። አወቀን እስከ መናኸሪያው በነጻ አድርሶታል።

ወንድምሽ በኃይሉ ወዳጆ
ሞላሌ፣ ጥር 28 ቀን 2012 ዓ.ም.