ፍራሽ ውስጥ የገባ የሸክላ አፈር

እህቴ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ።

በእንግድነት ቤቷ ያረፍኩባት ሴት ሸክላ ሠሪ ናት። መንደሩ በልማት ዕቅድ ተነስቶ፣ ውሃና ትምህርት ቤት አለው ወደተባለ አዲስ ሰፈር ይዛወራል። ባሏ ቀድሞ ሄዶ ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር አመጣላት። ስታቦካው ፍርክስክስ አለ። ደጋግማ ሞከረችው። በመጨረሻ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ «ውሃውስ መልካም፤ ልጆቼን ምን ሠርቼ ላብላ?» አለችው።

ዛሬ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ከቤት ዕቃ በቀር ምንም አይጫንም ተብሏል። እሷ የፍራሹን ጭድ አራግፋ የሸክላ አፈር ሞልታበታለች፤ ከታወቀባት ሜዳ ላይ ይደፉታል። ሾፌሩ አንዱን ጫፍ አነሳ።

«ይሄ ፍራሽ ድንጋይ ነው እንዴ የበላው?» አላት።

«ልጆቼ የሚተኙበት ነው፣ ወንድሜ» አለች።

አያትና ወደ ባሏ ዞሮ፣ «በል፣ በዚያ በኩል ያዝ» አለው።

እኛ ቤት ስንቀይር የምንሳቀቀው ብርጭቆ እንዳይሰበር ነው። እሷ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ይሄ አፈር ሲያልቅስ?» አለችኝ። መኪናው ሄደ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእማማን ጉልበት፣ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። ለሷም ጸልዩላት።

ተጓዧ እህትሽ