አስፋልት ላይ የምትከብድ መኪና

ጥቅምት 20

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ውሃ መጣ፣ በርሜሉን ሞላሁ። ጎረቤቴ ሀዎ ወተት ይዛ መጥታ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ ብዙ አወራች። ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት። ምን አለች ብባል ግን አላውቀውም።

ኢዳዬ፣ የባል ሐዘን መቀመጫው፣ ሊያልቅ ሃያ አምስት ቀን ቀረው። ባሌ ጁነዲን ሐምሌ 12 ከሞተ ወዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም። ሰው ሁሉ "እንዴት ቻልሽው?" ይለኛል። ምኑን? መቀመጥ እኮ ነው። ብዪ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ።

መሐዲ ከሰዓት መኪናዋን መለሰ። የጁነዲን ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሐዘኑ ወዲህ የሚነዳት እሱ ነው። "እህቴ፣ ይቺ መኪና ታማለች" አለኝ። አስፋልት ላይ ስትታጠፍ ከኋላ ሰው የያዛት ይመስላል አለ። አሮጊት ናት አልኩት። ሌላ ምን ልበለው...

ጥቅምት 23

ጋራዥ ወስዷት ነበር። ካምቢዮው ሞቷል ብለው መለሱት። በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ አውቶማቲክ ከፍቶ የሚጠግን እዚህ የለም፣ ለመለዋወጫ ሽጧት አሉት። ዋሪዮ የሚባል የግመል ነጋዴ ይገዛታል። ኢዳዬ ባለቀ ቀን መጥቶ ይወስዳታል።

"አንቺ ደግሞ ቡቲዬ መንደር እኛ ጋ ትገቢያለሽ" አለኝ መሐዲ። ቤት አለ፣ ልጆች አሉ፣ ፍየሎች አሉ። በደግነት ነው ያለው። ክፉ ሰው አይደለም።

መኪናዋ ከሄደች ጎልቦ ገበያ የለም፣ ዋልዳም የለም። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ የሸጥኩት በሷ ነው፤ እሱ እየነዳ፣ እኔ እየለካሁ። ከተሸጠች ሰው ቤት የሰው ልጅ አቅፌ ልኖር ነው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። እሺ አልኩት።

የሚከፋኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ውስጤን ፈለግኩ። ምንም።

ጥቅምት 24

እንቅልፌ ደህና ነው። እሱም ያሳፍራል።

ጥቅምት 27

ዋሪዮ መኪናዋን ሊያይ መጣ። ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ አዞራት። በመስኮት አየሁ፤ እንደ ቅቤ ነው የዞረችለት። "ደህና ናት እኮ!" አለ። መሐዲ አፈረ። ገዢ ፊት "የለም፣ ታማለች" ብሎ የሚከራከር ሻጭ ዛሬ ገና አየሁ። ጁነዲን ቢኖር ይሄን ለአንድ ወር ያወራው ነበር።

ግን እዚያ የከበደች እዚህ ለምን ቀለለች? ያው መኪና፣ ያው መሪ... ግቢያችን አሸዋ ነው።

ጥቅምት 28

ጁነዲን መንዳት ሲያስተምረኝ የነገረኝ ትዝ አለኝ። መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ የውስጡ ትንሽ። የፊቱና የኋላውም እኩል አይሄዱም። የኛዋ ደግሞ አራቱንም ያያያዘች ናት። መሀል ያለው ማያያዣ ላላ ካላለላቸው እርስ በርስ ይጓተታሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም። አስፋልት ላይ ግን መንሸራተቻ የለም።

"አልጋ የተሸከሙ አራት ሰዎች አስቢ" ነበር ያለኝ። "ሲታጠፉ የውጪዎቹ ሮጥ ካላሉ አልጋው ይጣመማል።"

አይቼዋለሁ እኮ። ሐምሌ 12፣ በዚሁ መስኮት። ቃሬዛውን ይዘው በሩ ጋ ሲታጠፉ የውጪዎቹ ሁለቱ ሮጥ አሉ። መሐዲ ከውጪ ነበር። አንድ ጫማው ወለቀ፣ ትቶት ሄደ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የማየው እግራቸውን ነበር። ጫማውን በኋላ አንስቼ አራገፍኩለት።

ኅዳር 1

ኦቦ ሀላቄን አስጠራሁ። የጁነዲን የድሮ ፉንዲ ነው፣ መኪና ጠጋኝ። ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ይሠራል። በር ላይ ካለው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አነጋገርኩት።

"ፖሌ ማማ" አለኝ መጀመሪያ፣ ነፍስ ይማር እንደማለት። ከዚያ መሬቱን በእግሩ ቆፈር ቆፈር አደረገ መሰለኝ፣ ሰማሁት። "ይሄ አሸዋ ነው። አሸዋ ሺዳዋን ይደብቃል። ላሚ ላይ እናውጣት።" ችግሯን ነው ሺዳ የሚለው፣ አስፋልቱን ደግሞ ላሚ።

ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ አለ አለኝ። እዚያ ፊውዝ ሲሰካ የኋላ ጎማዎች ይለቀቃሉ፣ የፊቶቹ ብቻ ይጎትታሉ። ፊውዝ ተሰክቶም ከከበደች ውስጥ ያለው ክላች ተጣብቋል፣ ሽጧት አለ። ከቀለለች ግን በሽታው ሌላ ቦታ ነው።

እኔ መውጣት ስለማልችል መሐዲ ስልኩን ክፍት አድርጎ ይዞት ሄደ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ። ነዳጅ ማደያው አጠገብ ሰፊ አስፋልት አለ፤ መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በዝግታ ክብ ዞሩ። መጀመሪያ ያለ ፊውዝ። ጎማው አስፋልቱን ሲፍቅ ይሰማኛል፣ ሞተሩ ያምጣል፣ መሐዲ "ይኸው... ይኸው" ይላል። ቀጥሎ ፊውዙን ሰኩ። የመሐዲ ትንፋሽ ብቻ ተሰማኝ።

"ቀለለች" አለ።

ካምቢዮው አልሞተም ማለት ነው፤ ልቀቅ ሲሉት ይለቃል። ታዲያ ምንድን ነው የሚያጓትታቸው? ሀላቄ ጎማዎቹን ዞሮ ዳበሰ፣ ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር መሐዲ አነበበለት። አራቱም አንድ ቁጥር ናቸው፣ ጥርሳቸው ግን በጭቃ ተሞልቷል። ጎማ አይደለም፣ ላስብበት ብሎ ሄደ።

ኅዳር 2

መሐዲ ለዋሪዮ ቃል ሰጥቻለሁ አለ። እሺ አላልኩም። አይሆንምም አላልኩም።

ኅዳር 5

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፣ መኪናዋ ታጥባ አነጋች። በአጠገቧ ሳልፍ የፊት ግራው ጎማ ጥርሱ ጠለቅ ያለ መሰለኝ። ቁጥሩ አንድ ነው ብለዋል... ግን እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ስንት ሴት ናት ልኩ የተጻፈበትን ልብስ ወስዳ፣ አንዴ አጥባ፣ "አጠረብኝ" ብላ የመለሰችልኝ? የተጻፈውን አላምንም፣ የምለካውን ነው የማምነው።

አራቱም ጎማ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ጠቅልዬ ቋጠርኩ። ሀዎን ጠራኋት። ግቢው ወደ በር ስለሚያዘነብል እየገፋን ለቀቅናት። እርጥቡ አሸዋ ላይ ቋጠሮው በየዙሩ አተመ። ሜትሬን አወጣሁ። ከሐምሌ ወዲህ እጄ ሜትር ሲይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ከምልክት እስከ ምልክት የኋላ ቀኝ 190 ሴንቲ፣ የኋላ ግራ 190፣ የፊት ቀኝ 190። የፊት ግራ 193።

ደግመን ገፋናት። 193።

"ለሁለት ጣት ነው ይሄ ሁሉ?" አለች ሀዎ።

በየዙሩ እኮ ነው አልኳት። አንዱ ሁልጊዜ ከሦስቱ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ቀጥ ሲል እንኳ አይገጣጠሙም፣ ሲታጠፉ ይብስባቸዋል። ይሄን እያስረዳኋት መሀል ላይ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ሀዎ ደክሟት ነው ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ያን ጎማ አውቀዋለሁ።

ኅዳር 6

ልጻፈው።

ሐምሌ 10፣ ከጎልቦ ገበያ ስንመለስ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው፣ መጠባበቂያ ጎማው፣ ያለው ከኋላ ወለሉ ስር ነው። በላዩ አራት እስር ጨርቅ ነበር፤ ለሠርግ የመጣ ሺቲ ቀሚስ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅማ። "አታውርደው፣ አቧራ ይበላብኛል" አልኩት። በቦዳ ቦዳ ሞተር ከተማ ሄዶ አዲስ ጎማ ይዞ ተመለሰ። ፀሐይዋ እንደዚያ እየተኮሰች። አልተቆጣም። ሳቀ፤ ጨርቅሽ ከኔ እንደሚበልጥ ዛሬ አረጋገጥኩ አለ።

ከተማ ገብተን አስፋልቱ ላይ ስንታጠፍ መኪናዋ ጎተት አለች። እሱ ያኔውኑ አወቀው። ፊውዝ አልሰካ፣ አልለካ... "አዲስ ከአሮጌ ጋር አይሄድላትም" አለ። "ጨርቅሽን ስታወርጂልኝ ስኮርታውን አስገባለሁ። እሱ እንደ ሦስቱ ያለቀ ነው።"

"ነገ" አልኩት።

በነጋታው ሰነፍኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ፀሐይ ነው አላለም። ጠይቄውም አላውቅ።

መሐዲ ጨርቁን አልነካውም። የሴት ዕቃ ነው፣ ኢዳዋን ስትጨርስ ራሷ ታውርደው ብሎ። እኔም የጌጥ ጨርቅ ማየት ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። እሱ ለኔ ሲጠነቀቅ፣ እኔ ለራሴ ስጠነቀቅ፣ አራት ወር ሙሉ በማይገጥም ጎማ ነዳናት።

ኅዳር 8

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር የኋላ በሯ ይከፈታል። ከነጨርቁ ብትሸጥስ? ዋሪዮ ሚስቶቹን ያለብሳል።

ተራ ሐሳብ ነው። ግን ሁለት ቀን አብሮኝ ዋለ።

ኅዳር 11

መሐዲ ቡቲዬ ያለችውን ክፍል ኖራ አስቀብቷል። ፎቶ አሳየኝ። መስኮቷ ወደ ፍየሎቹ ነው። "ወደድሽው?" አለኝ። ነጭ ነው አልኩት።

መሐዲ ከሄደ በኋላ ሀዎ ተቆጣችኝ። ሀዎ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። "አንቺ ሴትዮ፣ በሽታውን አግኝተሽ መድኃኒቱ ላይ ተቀምጠሻል" አለችኝ። "ቡቲዬ መኖር ከፈለግሽ ሂጂ፣ የሚያስቀይም ነገር የለውም። ካልፈለግሽ ግን ዝም ስትዪ እሺ እንዳልሽ ነው የሚቆጠረው።"

ጎልቦን መፈለጌን ያኔ አወቅኩ። ፍላጎት ከተሰማኝ ቆይቷል፤ ደስ አይልም፣ ያማል።

ኅዳር 14

ጠዋት የመኪናዋን የኋላ በር ከፈትኩ።

የአዲስ ጨርቅ ሽታ ወጣ። ሽታው እንዳለ ነው፣ ምንም አልሆነም። የመጀመሪያውን እስር ሳነሳ የጁነዲን ሽርጥ ከስሩ ነበረ፤ ጨርቄ ወለሉ ላይ እንዳይቆሽሽ አንጥፎልኝ። መቼ እንዳነጠፈው አላየሁም። አልነገረኝም።

አለቀስኩ። ያዘነ ሰው እንደሚያለቅሰው፣ ድምፅ አውጥቼ። ሀዎ አጥሩ ጋ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመለሰች። አላህ ይስጣት። ጁነዲን ናፈቀኝ። "ነገ" ማለቴ አንገበገበኝ። ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁም።

አራቱንም እስር ለብቻዬ አወረድኩ። ስኮርታውን አወጣሁ። አሸዋ ላይ አንከባልዬ ለካሁት። 190።

ለመሐዲ ደውዬ ሀላቄን ይዘህ ና አልኩት። ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ "ነገ" ማለቴን ጭምር። መሐዲ አቀርቅሮ ሰማኝ። "እኔም ማውረድ ነበረብኝ" አለ። ክሪኩን ራሱ አስገባ፣ ቡሎኑን ራሱ ፈታ።

ሀላቄ የካምቢዮውን ዘይት አሸተተ፤ ማረር ጀምሮታል፣ ገና አላበላሸውም፣ ይቀየር አለ። ከዚያ ያለ ፊውዝ ላሚ ላይ አወጧት። እንደገና ደጃፍ ላይ ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። ሙሉ ክብ። ሌላ ሙሉ ክብ። ጎማው አልፋቀም። ሀላቄ ስልኩን ተቀብሎ፣ "ማማ፣ ጎማው መሆኑን ማን ነገረሽ? እኔ በእጄ ዳብሼ ያጣሁትን!" አለኝ።

"ጁነዲን" አልኩት።

ኅዳር 15

ኢዳዬ አለቀ። ታጠብኩ። ሰማያዊ ሺቲ ለበስኩ፣ ከእስሩ አንዱን ፈትቼ።

ዋሪዮ በጠዋት መጥቶ ነበር። መሐዲ በር ላይ ቆሞ፣ አትሸጥም፣ ባለቤቷ ልትሠራባት ነው አለው። ባለቤቷ ማለት እኔ ነኝ። ዋሪዮ መጀመሪያም ደህና ናት ብያችሁ ነበር ብሎ ተኩራርቶ ሄደ። የቡቲዬዋ ክፍል እንግዳ ማረፊያ ትሆናለች፤ አርብ አርብ እመጣለሁ አልኩት መሐዲን።

ከዚያ ብቻዬን ይዣት ወጣሁ። አስፋልቱ ሰፊ መሰለኝ፣ ሰዉ በዝቷል። ነዳጅ ማደያው ጋ መሪውን እስከ ጥግ አዞርኩ። ዞረች።

ነገ ጎልቦ ነው። አዲሱ ጎማ አሁን ስኮርታ ሆኖ ወለሉ ስር ገብቷል። በላዩ ያለው ሽርጥህ ብቻ ነው፣ ጁነዲን። እስሮቹ የኋላ ወንበር ላይ ናቸው፤ አቧራ ቢበላቸውም ይብላቸው።

ጨርቁን አወረድኩልህ።