የባዩሽ አንገት

ጥቅምት 6
የምተይብበት ሱቅ ዛሬም በተማሪ እንደተጨናነቀ ዋለ። ዊንጌት ኮፒና ጽሕፈት ሲሉት መቼም ተማሪ አያጣም። ተበላሽተው የተጣሉትን ወረቀቶች ለቃቅሜ ቤቴ ይዤ ገባሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከነሱ ነው፤ ያለውን እያነበብኩ፣ የተቀደደውን እየገመትኩ።

ከሰዓት ዶክተር ኦልያድ መጣ። ውጭ አገር ላለ የሕክምና መጽሔት የሚልከው ጽሑፍ አለው። ስለ አንዲት ሴት እንቅርት።

"እትዬ የሺ፣ ፎቶው ላይ ዓይኗን በጥቁር ይሸፍኑልኝ። ማንነቷ እንዳይታወቅ።"

ሸፈንኩ። ዓይኑ ሲጠፋ አንገቱ ጎልቶ ወጣ። እብጠቱ ላይ የተለጠጠ ሦስት መስመር ንቅሳት፣ ከሥሩ አንድ ክንፉ የተጣመመ መስቀል።

ባዩሽ! ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ።

ጽሑፉ ደግሞ "በሽተኛዋ ፎቶዋ እንዲታተም ፈቅዳለች" ይላል። ፈቅዳ ይሆን? መተየቤን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 8
ባዩሽ ከአዲሱ ገበያ ሽንኩርቷን ሸጣ ስትመለስ ሻይ ልትጠጣ ገባች። እንደ ልማዷ በሩን ዘግታ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታች። እኔ ዘንድ ብቻ ነው የምትፈታው። ሳትታከምም፣ ከታከመች በኋላም። ለቀዶ ጥገናው ስትሄድ ለሰፈሩ "ሰላሌ ዘመድ ልጠይቅ" ብላ ነው። ሆስፒታልም አድራሻዋን ሰላሌ ብላ ነው ያስመዘገበችው፣ ወሬ እንዳይከተላት።

"ፎቶ አንስተውሽ ነበር?"

"አንስተውኛል። ለሕክምናው ነው አሉ። ምነው?"

"አይ፣ ዝም ብዬ ነው።"

"እኔ እንኳ አላየሁትም። ስንት ዓመት መስታወት ገልብጬ የኖርኩ ሴት!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ሳቅ ነው?

ጥቅምት 9
ዛሬም አልነገርኳትም።

ጥቅምት 13
መጽሔቱ የሴትየዋን የፈቃድ ፎርም ጠየቀ። ዶክተር ኦልያድ እያለከለከ መጣ።

"ሰላሌ የት ብዬ ላግኛት? ስልክ የላትም። ነገ ካልላክሁ ያልፈኛል።"

ፎርሙን ጻፍኩለት። የማኅተሙን ቀለም አየ... እኔን አየ።

"እትዬ፣ አውራ ጣትዎን ብቻ። በቃ። ማንን ይጎዳል?"

ጎረቤቴ ናት ማለት ነበረብኝ። ምስጢሯን እንዳላወጣ ብዬ ነው... ውሸቴን ነው። እንዳይቀየመኝ ነው። ፊደል ከጥራጊ ለለቀመች ሴት፣ ዶክተር "እትዬ" ሲላት ደስ ይላታል። ጣቴን ነክሬ በባዩሽ ስም ላይ አሳረፍኩ።

ጥቅምት 14
ቀለሙ በሳሙናም በበረኪናም አልለቅ አለ። ባዩሽ አየችው።

"እንዴ የሺ፣ ብቻሽን መረጥሽ እንዴ? ማን አሸነፈ?"

"የሱቅ ቀለም ነው።"

አልዋሸሁም። እውነትም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 16
ቅዳሴ ላይ መቆም አቃተኝ። ስንመለስ ባዩሽን ቤቴ አስገብቼ ነገርኳት። ሁሉንም። የጣቴንም። "እስቲ ፎቶውን" አለች። ከተበላሹት ወረቀቶች መሃል አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ ብዙ አየችው።

"ዓይኔን ለምን ሸፈንሽው?"

"እንዳትታወቂ ተብሎ..."

"እኔ የደበቅሁትን ገለጥሽ፤ ያልደበቅሁትን ሸፈንሽ።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ከመጽሔቱ አስወጪው" ብላ ወጣች።

ጥቅምት 18
ዶክተሩ መጣ። ሳይቀመጥ ነገርኩት።

"ሴትየዋ ጎረቤቴ ናት። አልፈቀደችም።"

"አሁን ነው የሚነግሩኝ?"

እሱስ እውነቱን ነው። አሁን ነው?

"ያለ ፎቶው አይቀበሉኝም እኮ፤ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነው!"

"የመጽሔቱ አድራሻ ከገጹ ግርጌ አለ። እርስዎ ካልጻፉላቸው እኔ እጽፋለሁ። ጣቱ የእኔ ነው እላለሁ።"

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ፍላሹን ነቅሎ ወጣ።

ኅዳር 3
ዶክተር ኦልያድ ጽሑፉን ከመጽሔቱ አስወጥቶታል። የመለሱለትን መልእክት በስልኩ አሳየኝ፣ ፊቴን ሳያይ። "ደኅና ይሁኑ" አለኝ። እትዬ አላለኝም።

ሮጬ ለባዩሽ ነገርኳት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከልቧ ይመስለኛል።

ማታ ለሻይ መጣች። እንኳን መጣች! ስለ ቲማቲም መወደድ አወራን፣ ስለሚያፈሰው ጣራ። የጣቴ ቀለም ለቅቋል። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁላትና ጠበቅሁ።

ሻይዋን ጨርሳ ሄደች። ነጠላዋን ሳትፈታ።