የማያልቀው ጥርስ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ግንቦት ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ውድ ልጄ እስከዳር፣

እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። የአዲ አርቃይ ሙቀት እንዳይጎዳሽ እጸልያለሁ።

ረዳትሽ ወንዴ መኪናሽን ከነመልእክትሽ አድርሶልኛል። «አባባ፣ በየዓመቱ መመላለስ አልቻልሁም፤ ቶሎ የማያልቅ ይግጠሙልኝ» ብለሻል። እናትሽ የትነበርሽ ካረፈች ወዲህ መኪናውን ራስሽ ሳታመጪው ስትቀሪ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። የሞተሩ ካምሻፍት፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ የአረብ ብረት ነው፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር የሚያዞረው ጥርስም ከእርሱ ጋር መስማማት አለበት። ተራ ብረት ቢገጠም ይበላላሉ። ስለዚህ ነሐስ እንገጥም ነበር፤ ነሐስ ለስላሳ ነውና ካምሻፍቱን ሳይጎዳ ራሱ ያልቃል። ሲያልቅ ትመጫለሽ፤ እኔ ስፈታ አንቺ ባትሪ ታበሪልኛለሽ። ስለ ጥርሱ ብዙ ተነጋግረናል፤ ስለ እናትሽ ግን አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ እጄ ስለደከመ መካኒኩን ዓለምነውን ለመንሁት። እርሱም ለዚህ ካምሻፍት እንዲስማማ የተሠራ የአረብ ብረት ጥርስ ከአዲስ አበባ አስመጣ። በአንድ እጁ እርሱን፣ በሌላው አዲስ ነሐስ ይዞ ሳቀብኝ።

«እንዴት ነው፣ አያ ማሩ? ነሐሱን ልግጠመው እንዴ? ልጅቱም በዓመቱ ከች ትላለች!»

«ቀልድህን ተው።»

«ምን ቀልድ አለው? ሸጋ ነሐስ ነው፤ ይዩት።»

ተቀብዬው በመዳፌ ይዤ ቆየሁ። አልደብቅሽም፤ «ግጠመው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እንደ ልማድሽ ምጥ የጠናባትን ሴት ጭነሽ በሊማሊሞ ዳገት ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ስትወጪ ታየኝ። ጥርሱ አልቆ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጉም ውስጥ ከገደሉ አፋፍ ቆመሽ።

«የአረብ ብረቱን ግጠም» አልሁት።

ነሐሱን ግን ገዝቼ ኪሴ ከተትሁት። ዓለምነው ምንም አልቀለደም።

እንግዲህ ለመኪናው ብለሽ መምጣት አያስፈልግሽም። ወንዴ ነገ ይዞልሽ ይመለሳል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ልጆች ዓረፍተ ነገር እንዲያሟሉ ሳስተምር ኖሬ፣ ለአንቺ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፌልሽ አላውቅም፦ ናፍቀሽኛል።

የእናትሽ መታሰቢያ በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው። በአውቶቡስም ቢሆን ነዪ። የሚፈታ ሞተር የለም፤ ቁጭ ብለን ስለ እርሷ እንነጋገራለን።

አባትሽ፣
ማሩ ሀብተ ማርያም