በአሮጌው ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ማንበብ ስለ ተማሩ እናቶች

ለተከበሩ የማኅበረሰብ አዳራሹ ኃላፊ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የሚሽከረከረው አዲሱ ወንበርዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ንዴት ለጤና ይስማማል መሰለኝ ከወትሮው በርትቻለሁ። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ስለሚባል፣ የባለ ምሳሮቹ ሰልፍ ሳይረዝም፣ ገና ቆመው ሳሉ ልድረስብዎ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ካላስታወሱኝ፣ አሮጌው ፍርድ ቤት የአይጥና የእርግብ መኖሪያ በነበረበት ጊዜ ከአርባ ሦስት የሰፈር እናቶች ጋር ፍርስራሹን በቅርጫት ያወጣሁት ጡረተኛዋ አስተማሪ ነኝ። ግንበኛው ባለቤቴ ኖራ አቡክቶ ግድግዳውን በድሮው አሠራር ለሰነው፤ እናቶቹ አግዳሚ ወንበሮቹን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው አደሷቸው። ጽሕፈት ቤትዎም ትልቁ የችሎት አዳራሽ የንባብ ክፍላችን እንደሚሆን በማኅተም አረጋግጦልን ነበር። ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በዝምታ ማለፍ ነውር ስለሆነብኝ እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. በምረቃው ዕለት ሪባኑን ቆርጠው «ይህ የሕዝብ ቤት ነው» ካሉ በኋላ፣ በማግሥቱ አዳራሹን የራስዎ ቢሮ ስላደረጉት እናመሰግናለን። እርስዎም ከሕዝብ አንዱ ነዎትና ቃልዎን አጠፉ አንልም።

፪ኛ. የባለቤቴን ኖራ «ያረጀ ይመስላል» ብለው በሲሚንቶ ስላስሸፈኑት ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። እርጥበት መውጫ ያጣ ግድግዳ እንደሚያብጥ ቢነግርዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አሁን ከወንበርዎ በላይ ያለው ልስን ሆዱን ነፍቷል ሲሉ ሰማሁ። ባለቤቴን ለጥገና ቢጠሩት አይመጣም፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

፫ኛ. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ በሩ ላይ የለጠፉት «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ነው። ክፍሉን ሲነፍጉን ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤ ጥቁር ሰሌዳችንን «የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል» ብለው ሲያስወስዱብን ደግሞ በርዎን ሰሌዳ አደረግነው። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ በስድሳ ዓመቷ መጀመሪያ ያነበበችው ቃል «ክልክል» ነው። «ያለ ፈቃድ»ን ለመሻገር ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አዲስ ክልከላ በለጠፉ ቁጥር አዲስ ምዕራፍ እያገኘን ዓመቱን ጨረስን፤ እንዲህ ያለ ትጉህ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም።

፬ኛ. ደረጃው ይታጠብ ብለው አዝዘው ውኃ ባስደፉብን ዕለት የልብስ አጣቢዋ ደብተር ራሰ። ስድስት ልጆች አስተምራ ለራሷ ፊደል ያልደረሳት ሴት፣ የተጨማለቀውን ገጽ እንደ ልብስ ጨምቃ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው አየሁ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ልል እችል ነበር። ያንን ግን አልልም።

በሰጡን ደረጃ ልክ በከበረ፣ በነፈጉን አዳራሽ ልክ በሰፋ አክብሮት፣
የበርዎ አንባቢዎች አስተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቶቹ በሕይወታቸው መጀመሪያ የጻፉት ደብዳቤ ከኃላፊነትዎ እንዲነሡና አዳራሹ እንዲመለስ የሚጠይቅ አቤቱታ ሲሆን ትናንት ለበላይዎ ገብቷል። እኔ የረዳሁት ማዕረግዎን በትክክል በማስጻፍ ብቻ ነው። የበላይዎ ጸሐፊ በልማዱ የጣት አሻራ ቀለም ቢያቀርብላቸው፣ አርባ ሦስቱም ወደ ጎን ገፍተው እስክሪብቶ ጠየቁ። መጀመሪያ የፈረመችው ልብስ አጣቢዋ ነበረች። ቶሎ በይ ብሎ ቢያጣድፋት፣ «ቆይ ልጄ፣ ይቺንስ ተጣድፌ አላበላሻትም» አለችው።