እስከ ሰኞ የቆየው እግድ
የዳኛ ክንዱ ሐብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ (1946–2018 ዓ.ም.)

ዳኛ ክንዱ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ዓለሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋአየሁ ተሰማ፣ በደምቢያ ከኮላ ድባ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ጥቅምት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም ከአባታቸው እግር ሥር ነው። መሪጌታ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ ለልጃቸው ብራና መፋቅና ቀለም መበጥበጥ አስተምረዋቸው ነበር። ልጅየው ግን የቆዳው ሽታ አንገሸገሻቸውና በ1957 ዓ.ም. ጎንደር አክስታቸው ዘንድ ገብተው አስኳላ ጀመሩ።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1967 ዓ.ም. ጨርሰው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ አባይነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምስጢር፣ ስማቸውና ጌትነት የተባሉ ሦስት ልጆች ወልደዋል። የሕግ ሥልጠናቸውን አጠናቀው በ1987 ዓ.ም. በደጋው በአንድ ወረዳ ዳኛ ሆኑ። ጉቦ የሚባል ነገር አያውቁም። አንድ ባለጉዳይ የላከውን ማር ወይዘሮ አባይነሽ ሳያውቁ ቢቀበሉ፣ ማሰሮውን በትከሻቸው አድርገው በገበያው መሐል ራሳቸው መልሰዋል።

እስከዚህ የተነበበው የማንም ሟች ታሪክ ነው፤ መቃብር አፋፍ ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ቀጥሎ ያለው እንዲነበብ ያዘዙት ግን ራሳቸው ናቸው። እኅታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ምስጢርን «ኧረ ምነው ልጄ! ሬሳ አስቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል?» ብለው ተቆጥተዋታል። የዳኛው ቃል ግን አንድ ነበር፦ «ፍርዱን የሰጠሁት በሰው ፊት ነው። ጥፋቴም በሰው ፊት ይነበብ።»

በሰኔ ወር 1997 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ዕለት፣ ወይዘሮ የትነበርሽ አስናቀው የተባሉ የደጋው ሴት አቤቱታ ይዘው ቀረቡ። አባታቸው ቄስ አስናቀው በእጃቸው የጻፉት የብራና ዳዊት ነበራቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የቤተ ዘመዱ ሙታን የክርስትና ስም ከቅድመ አያት ጀምሮ ሰፍሮበታል፤ ቤቱ ተዝካር ሲያወጣ ስም የሚጠራው ከዚያ እያነበበ ነው። የወይዘሮ የትነበርሽ ቤት የሣር ክዳን ስለነበር፣ ክረምት እንዳያፈስበት ብለው ዳዊቱን ቆርቆሮ ቤት ላለው ጎረቤታቸው በአደራ ሰጡ። ጎረቤትየው አደራ በላ። ገዥ እንዳገኘ ሲሰሙ ወደ ፍርድ ቤት ሮጡ። የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ያው መጽሐፋቸው ራሱ እንዲመለስላቸው፣ ፍርድ እስኪሰጥም ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንዳይል እግድ እንዲወጣ።

ዳኛ ክንዱ እግዱ በዚያው ዕለት መውጣት እንዳለበት አልጠፋቸውም። የቸገራቸው ሌላ ነው። ጎረቤትየው አበ ልጃቸው ነበር፤ ልጁን ክርስትና አንሥተውለታል። ሕጉ ከችሎቱ ተነሥ ይላል፤ አልተነሡም። በአበ ልጃቸው በር ላይ የእግድ ወረቀት ተለጥፎ መንደሩ ሲጠቋቆምበት ታያቸውና ለሰኞ አሳደሩት። የፍርድ ቤቱን ተላላኪ አቶ ሙሉሰውንም ጠርተው «ሰኞ እግድ ይወጣብሃል በለው፤ ሳትዋረድ አንተው ራስህ መልስላት ብሎሃል በል» ብለው ላኩ። ሽምግልና የሠሩ መስሏቸው ነበር። በማር ያልተገዙት ሰውዬ በይሉኝታ ተገዙ።

ቅዳሜ በገበያ ግርግር ዳዊቱ ከመንደሩ ወጣ። ሰኞ እግዱ ሲለጠፍ የሚታገድ ነገር አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጎረቤትየው ገዥውን አላውቀውም ብሎ ካደ፤ መጽሐፉም የት እንደገባ አልታወቀም። ስለዚህ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. መጽሐፉን ማስመለስ ስላልተቻለ ስምንት ሺህ ብር ካሳ ይከፈላቸው ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ የትነበርሽ ፍርዱን ቆመው ሰሙና «ጌታዬ፣ ብሩ የአያቴን የክርስትና ስም ያውቀዋል?» አሉ። ካሳውን እስከ ዛሬ አልነኩትም።

ዳኛ ክንዱ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ፈርደዋል፤ እግድ ተጠይቀው ግን አሳድረው አያውቁም። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው አዘዞ ቤታቸው ሲገቡ ነገሩ አብሯቸው ገባ። ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ፍቅረ ማርያም ቢናዘዙ «የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር ስገድ፤ የሴትዮዋን ግን ለሴትዮዋ መልስ» አሏቸው። ዳኛውም ደጋ ወጥተው ቀድሞ ወሬውን የላኩት እሳቸው እንደነበሩ ለወይዘሮ የትነበርሽ ነገሯቸው። ወይዘሮ የትነበርሽ ውሃ እንኳ ሳያቀርቡ አሰናበቷቸው።

ተመልሰው በስልሳ አንድ ዓመታቸው የሸሹትን ቆዳ ያዙ። ከትክል ድንጋይ ገበያ የፍየል ቆዳ እየገዙ፣ በግቢው ወጥረው እየፋቁ፣ ዳዊት መጻፍ ጀመሩ። ጠበቃዋ ልጃቸው ምስጢር በቆዳው ሽታ ተማርራ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ያለፋዎታል? ደኅና ጸሐፊ ቀጥረው አያስጽፉም?» ብላቸው ነበር። «ቀጥሬ ካስጻፍሁትማ ያው ካሳ ነው» አሏት። ያን ቀን ስቃባቸዋለች፤ ሳቋ ዛሬ ይቆጫታል።

በሰባት ዓመት ጨረሱት። የዚያን ቤት ሙታን ስም አሟልቶ የሚያውቅ የጠፋው መጽሐፍ ብቻ ስለነበር የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ባዶ ተዉአቸው። ከዚያ ደግሞ ማድረሱ አሳፈራቸው፤ ሣጥን ውስጥ ከሦስት ዓመት በላይ ተቀመጠ።

በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። በጳጉሜን ወር ወይዘሮ የትነበርሽ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ዳዊቱ ከሣጥን ወጥቶ ተሰጣቸው። አገላብጠው አገላብጠው «ሸጋ ነው። የአባቴ እጅ ግን አይደለም» አሉ።

«አይደለም» አሉ ዳኛው።

ወይዘሮ የትነበርሽ ባዶዎቹ ገጾች ላይ ሲደርሱ በመዳፋቸው ዳሰሷቸው። በኋላ «የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ ብቻ። አሁን አይጻፍም፤ ገና በሕይወት አሉ።»

ነገሯቸው፤ ነግረዋቸውም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወይዘሮ የትነበርሽ መጽሐፉን ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። ዳኛውም አልለመኑም፤ ፍርድ ለባለጉዳይ አይታዘዝም ይሉ ነበር።

ዳኛ ክንዱ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ወይዘሮ የትነበርሽ ዛሬ ከደጋው ወርደው ከመካከላችን ቆመዋል፤ በነጠላቸው ሥር የያዙትን አይተናል። የዳኛውን ስም ጽፈውበት እንደሆነ አልጠየቅንም።

ሳያዘገይ የሚፈርድ አምላክ ምሕረቱንም አያዘግይባቸው። የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ነው። ስታስቧቸው በዚህ ስም ጥሩልን።