ወደ ጁባ የወጣው መኪና

ሚዛን አማን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለህሊና፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጁባን ሙቀት ለመድሽው ወይስ በረታብሽ? እናትሽ ደህና ናት፤ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም። እኔም አለሁ።

ሾፌራችንን ይሄይስን ማክሰኞ አማን ቀበርነው። አስከሬኑን ከድንበሩ አጠገብ ካለችው ከዲማ ያመጡት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ታጣቂዎች መኪናውን ከነቡናው አቃጥለውታል።

ለይሄይስ ባለቤት ለሆሳዕና በየቀኑ እየደወልሽ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መንገዱ ላይ ታጣቂዎች እንዳሉ ለአባዬ ነግሬው ሳልጨርስ ኔትወርክ ተቋረጠ፤ ደግሜ መደወል ነበረብኝ» እያልሽ እንደምታለቅሺ ሰማሁ። ልጄ፣ ኔትወርኩ አልተቋረጠም። «አባዬ፣ በዚህ ሳምንት መኪና እንዳትልክ» ስትይ ጥርት አድርጌ ሰምቼሻለሁ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ የተቆላ ቡና የማይሸጥ የለም፤ እኛን ማን ዞር ብሎ ያየናል? ለዚህ ነው ጁባ ቅርንጫፍ እንክፈት ያልኩሽ። አገሩ ቅርብ ነው፤ ለመቁያው ማሽን መለዋወጫ የሚሆን ዶላርም ይገኝበታል። በኋላ የኡጋንዳ ነጋዴዎች በድንበራቸው በኒሙሌ በኩል እየገቡ የየሱቁን መደርደሪያ ሲይዙብሽ ደነገጥኩ። አንድ ሳምንት ዕቃ ካጣን ደንበኛው አይመለስም ብዬ ፈራሁ።

ይሄይስ ቁልፉን ሲቀበለኝ፣ «ጋሽ አስረስ፣ መንገዱ ሰላም ነው አሉ?» አለኝ።

«ሰላም ነው» አልኩት።

ትናንት ማስጠንቀቂያሽን ሰምቼ እንደላክሁት ለሆሳዕና ነገርኳት። ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ትጮህብኛለች፣ ከቤቴ ውጣ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣

«ልጅቱ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሂድና ጻፍላት። እሷም እንደ ይሄይስ አንተን አምና ነው የሄደችው።»

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ «አባዬ» ስትይኝ እንደገና ዘጋሁት።

ሱቁን ዝጊና በአውሮፕላን ነይ። እኔን ማየት ካስጠላሽ ጌጫ ከተማ አክስትሽ ቤት እረፊ፤ እናትሽ መጥታ ታይሻለች።

ስትሄጂ እጄን ራስሽ ላይ ጭኜ መርቄሽ ነበር። ዛሬ የምትመርቅሽ እናትሽ ናት። «እንቅፋት አይምታሽ፣ ክፉ አይይሽ» ብላለች።

እኔ አሜን ብያለሁ።

አባትሽ አስረስ